ሜትር «አይ»ን የተጫነችበት ቀን

«‹አይ› ብለሽ ተጫንሽብኝ? የእናቴ ልጅ ሆነሽ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ‹አይ› ብለሽ ተጫንሽብኝ?»

ድምፁ የመጣው ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ የመቁረጫ ጠረጴዛውን እግር እያስተካከልኩ ነበር። አልደነገጥኩም። እዚያ ቤት ቁም ሳጥን መናገር ከጀመረ ቆይቷል። ይናገራል፣ ይሳደባል፣ ጉንፋን ሲይዘው ያስነጥሳል።

ሜትር መቀሷን አስቀመጠች። ቀስ ብላ ሄዳ የቁም ሳጥኑን በር ከፈተች፣ የተሰቀሉትን ካፖርቶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፋ ገፋ አደረገችና አንገቷን ወደ ውስጥ አስገባች።

«የተጠየቅኩትን ነው የመለስኩት» አለች፤ ለካፖርቶቹ።

«ማን ጠየቀሽ?»

«ኩባንያው።»

«ኩባንያው ቢጠይቅሽስ! ሰው ‹ደህና ነሽ ወይ?› ሲልሽ በሽታሽን ሁሉ ትዘረዝሪያለሽ?»

«አዎ» አለች ሜትር።

እውነቷን ነው። ትዘረዝራለች።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከሥሩ ልጀምር። እኔ አናጢ ነኝ። በዚያ ግቢ የኋለኛውን ክፍል ተከራይቼ እዚያው እሠራለሁ። ትምህርቴን ጨርሼ ቢሆን ኖሮ ይኼን ወሬ በሥርዓቱ አወራላችሁ ነበር፤ ክፍልፋይ ላይ ስንደርስ ግን እኔና መምህሩ አልተግባባንም፣ በሰላም ተለያየን።

ሜትር የምንላት ልብስ ሰፊ ናት። ስም አላት፤ የሚያስታውሱት አባቷ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም አንዳንዴ ነው። መለኪያ ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ሐኪም ቤት እንኳ እንደዚያው ሆና ነው የምትሄደው። ሐኪሙ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ፣ እሷ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርገው ፊት ለፊት ሲቀመጡ፣ ማን ማንን ሊመረምር እንደመጣ አይታወቅም።

ስሙ የወጣላት ግን ለዚያ ብቻ አይደለም። ሴትዮዋ አትዋሽም። ደንበኛ መጥታ «ወፍሬያለሁ እንዴ?» ስትል ሌላ ሰፊ «ኧረ ምን ወፍረሻል! ጨርቁ ነው የጠበበው» ይላል። ሜትር ቁጥሩን ትናገራለች። የባለፈውንም ቁጥር ጨምራ። ከደንበኞቿ ግማሾቹ እያለቀሱ ሄደዋል፤ የቀሩት ደግሞ ሌላ ሰው ጨርቃቸውን እንዲነካ አይፈልጉም። እኔንም አንዴ «የጠረጴዛህ አንዱ እግር ጥፍር ያህል አጥሯል» ብላ ሥራዬን መለሰችልኝ። ተናድጄ ለካሁት። አጥሯል። ይኼ ነው የሚያበሽቀው።

ታናሽ እህቷን ጥልፍ እንላታለን። ወፍ፣ አበባ፣ የድርጅት ዓርማ በኮምፒውተር ትሥላለች፤ የሣለችውን የጥልፍ ማሽን ተቀብሎ ጨርቅ ላይ ያወርደዋል። እሷ ከእህቷ ሌላ ናት። ወሬ እንኳ ቢሆን ዳር ዳሩን ሳትጠልፍ አታወጣውም።

ድሮ አብረው ነበር የሚሠሩት። ጥልፍ ደንበኛ ትለካለች፣ ቁጥሩን በወረቀት ትጽፋለች፣ ሜትር ትቆርጣለች። አንድ ቀን የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ አጥሮ ወጣ። ሲያጥር ደግሞ ትንሽ አይደለም፤ ሙሽራዋ ለብሳው ስትቆም የታናሽ እህቷን የለበሰች ነው የምትመስለው። እናቲቱ ጮኸች፣ ሙሽራዋ አለቀሰች፣ አጃቢው ሁሉ ሜትር ላይ አፈጠጠባት። ሜትርም የተጠየቀችውን መለሰች። «የለካችው እህቴ ናት» አለች።

እውነት ነበር። ጥልፍ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ወጥታ ክፍሏ ገባች፤ በሁለቱ ክፍል መሃል ያለውን በር ከኋላዋ ስባ ዘጋችው።

በዚያው ሰሞን እኔ ሲሳይ ወረደልኝ። ሜትር መጥታ ትልቅ ቁም ሳጥን አዘዘች፤ በሩን ከነጉበኑ የሚሸፍን። ከትልቅነቱ የተነሳ እዚያው ክፍሏ ውስጥ ነው የገጣጠምኩት። ቀለሙ ሳይደርቅ ጥልፍ በጓሮ መጥታ «በእኔ በኩል በበሩ መቃን ላይ ኮምፔንሳቶ ምታልኝ» አለችኝ። ሁለቱም «ለእሷ እንዳትነግራት» አሉኝ። አልነገርኩም። ለሁለቱም ደረሰኝ ቆረጥኩ። ኮምፔንሳቶ ግን ስስ ነው፤ ድምፅ አይከለክልም። ቁም ሳጥኑ መናገር የጀመረው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መሃል የሚመላለሱት አባታቸው፣ አባባ፣ ብቻ ናቸው። ዕድሜያቸውን በባቡር ጣቢያ አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው። ምሳ ጥልፍ ጋ፣ እራትና መኝታ ሜትር ጋ። ከአንዷ ወደ ሌላዋ ለመድረስ በግቢው ዞረው፣ በዱላቸው እየቆረቆሩ ይሄዳሉ። «ሁለት ጣቢያ፣ አንድ ባቡር» ይላሉ ራሳቸውን። ሲመቻቸው በጆሮ መስሚያው ይሰማሉ፤ ሳይመቻቸው አውጥተው ደረት ኪሳቸው ይከቱታል።

አሁን ወደ ‹አይ›ዋ እንምጣ።

ገና በሰላሙ ጊዜ ሜትር ፓተርን የሚሉትን የልብስ ንድፍ የሚያወጣውን፣ ጥልፍም የሚሠራውን ፕሮግራም ልትገዛ ተነሳች። የሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ሳቀባት። «እትዬ፣ ለምን ትከፍያለሽ? ቁልፉ የተሰበረውን እኔ በአንድ ሻይ ዋጋ እጭንልሻለሁ።»

«አንዲት ደንበኛዬ የእኔን ፓተርን ወስዳ ለሰፊ ሁሉ አድላብኛለች» አለችው። «እሷን እስካሁን ሰላም አልላትም። አሁን እኔም እንደሷ ብሆን፣ መስታወት ፊት ስቆም ሰላም የምለው ሰው አጣለሁ።»

ከፍላ ገዛች። የገዛችው የቤተሰብ ፈቃድ የሚሉትን ነው። አንድ ቤት ውስጥ አብረው የሚኖሩ ሰዎች በአንዱ ፈቃድ እስከ አምስት ኮምፒውተር ድረስ ይጭኑበታል። ሁሉም በየራሱ ስም፣ በየራሱ የይለፍ ቃል ይገባል። ሕጋዊ ነው፣ ንጹሕ ነው። ከቤቱ ወጥቶ ለብቻው የሚኖር ሰው ግን የራሱን ይገዛል። እኔ ይኼን ሁሉ ያወቅኩት ሜትር ውሉን ከመስመሩ ሥር ማስመሪያ እያስቀመጠች ጮክ ብላ ስላነበበችልን ነው። ያንን ውል እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ከእሷ ሌላ ያለ አይመስለኝም። የጻፈው ሰውዬ ራሱ መሃል ላይ እንቅልፍ ጥሎታል፤ ከአረፍተ ነገሩ ያስታውቃል።

በሜትር ኮምፒውተር ተጫነ፣ በጥልፍ ተጫነ። አባባም «አምስት ወንበር ይዞ በሁለት ሰው የሚሄድ ባቡር አልወድም» ብለው በእሳቸው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አስጫኑ። በጥልፍ ፕሮግራም ባቡር ይሥላሉ። ጨርቅ ላይ የወረደ አንድም ባቡር የለም፤ ሁሉም ጣቢያ ላይ ናቸው።

እንግዲህ ያን ቀን ጠዋት ሜትር ኮምፒውተሯን ስትከፍት ጥያቄ ወጣባት። የቤቱ ኃላፊ ሆና የተመዘገበችው እሷ ናት። «በዚህ ፈቃድ የሚጠቀሙ ሁሉ ከእርስዎ ጋር በአንድ ቤት አብረው ይኖራሉ?» አዎ። አይ።

ጤነኛ ሰው «አዎ»ን ተጭኖ ሻዩን ይጠጣል። ሜትር ቀና ብላ ቁም ሳጥኑን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «አይ»ን ተጫነች። «አብሮዎት የማይኖረው የቱ ነው?» አላት። የእህቷን ስም ተጫነች። በግድግዳው ማዶ የጥልፍ ፕሮግራም ከነወፏ ድርቅ አለ።

ወፍ ያልኩት ወድጄ አይደለም። ጥልፍ ስትሥል የከረመችው ወፍ ናት፤ የአንድ ትልቅ ሆቴል ሠራተኞች ሁሉ ደረታቸው ላይ የሚያደርጓት። ያዘዛት የደንብ ልብስ ፋብሪካ ያለው ሰውዬ ነው። «እኩለ ቀን ላይ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ፤ ማሽኖቼ ቆመው ነው የሚጠብቁት። ከደረሰ የዓመቱን ሥራ ላንቺ፣ ካልደረሰ ሌላ ሰው አለኝ» ብሏታል። ወፏ ተሥላ አልቃለች። የቀረው ማሽኑ በሚገባው ቋንቋ መቀየር ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ያ ፕሮግራም ካልሆነ የሚቀይረው የለም።

ጥልፍ ቀደም ብላ ተናግራ ነበር። «ይኼ ሥራ ካልሆነልኝ ጓደኛዬ ጋ ነው የምሄደው፤ በእሷ ከተማ ማሽንም ቤትም ይዛልኛለች።» ይኼን የነገረችው ለአባባ ነው። አባባ ያን ቀን ቁርስ አልበሉም። ሜትር ክፍል ጥግ ላይ፣ ዱላቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ መስሚያቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። መስሚያው ጆሯቸው ላይ ካለ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

«ደውዪላቸው!» አለ ቁም ሳጥኑ። «አሁኑኑ ደውዪና አስከፍቺው!»

ሜትር ደወለች። ሁላችን እንድንሰማ ስልኩን በስፒከር አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ነኝ። እግሩን ጨርሼው ነበር፤ ግን ማን ይወጣል?

«የደንበኞች አገልግሎት ነው፣ ምን ልርዳዎት?» አለ አንድ ወጣት።

«‹አይ› ብዬ ተጫንኩ።»

«ችግር የለውም እናቴ፣ እናስተካክለዋለን። በስህተት ነው አይደል?»

«በስህተት አይደለም።»

«እሺ። ታዲያ ምን ላድርግልዎት?»

«ለእህቴ እንዲከፈትላት ነው የምፈልገው።»

«ቀላል ነው። ‹አብረን ነው የምንኖረው› ይበሉኝ፣ አሁኑኑ እከፍታለሁ።»

ሜትር ቁም ሳጥኑን አየችው።

«በዪ እንጂ!» አለ ቁም ሳጥኑ። «አንድ ቃል ናት! አባባ ይሙት አንድ ቃል ናት!»

«እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ?» አሉ አባባ።

«ይቅርታ፣ አጠገብዎ ሌላ ሰው አለ?» አለ ልጁ።

«ቁም ሳጥን ነው» አልኩት ከጠረጴዛው ሥር።

ሜትር ሜትሯን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንድ ጣራ ሥር ነን። የመብራት ቆጣሪያችን አንድ ነው። ግን በመሃላችን ያለው በር ታሽጓል። ለየብቻችን ነው የምናበስለው። አንነጋገርም። ይኼ አብሮ መኖር ይባላል?»

«አሁን ግን እየተነጋገራችሁ ነው።»

«ይኼ ጠብ ነው።»

«ቆይ አለቃዬን ልጠይቅ» አለና ሙዚቃ ለቀቀብን። ደስ የሚል ሙዚቃ ነበር፤ ለሠርግ የሚሆን። አራታችንም ያንን ሙዚቃ እየሰማን ተቀመጥን። የመስኮቱ ጥላ እየተሳበ የጠረጴዛው እግር አጠገብ ደረሰ። እኩለ ቀን ሲሆን ጥላው እግሩን ይነካል፤ ያንን እዚያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሜትርም አየችው።

ልጁ ተመለሰ። «እናቴ፣ ‹እኛ ቁም ሳጥን አንቆጥርም› አሉ። ‹አብረው የሚኖሩ ከሆነ ይበሉ፣ ካልሆነ እህታቸው የራሷን ፈቃድ ትግዛ› ነው ያሉት። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

«አሁን ብትገዛ ዛሬ ይከፈትላታል?»

«ክፍያው መጽደቅ አለበት። ነገ፣ ወይም ከነገ ወዲያ።»

«ለነገ ምን ያደርግልኛል!» አለች ጥልፍ። «ሰውዬው መንገድ ላይ ነው!»

ሜትር አፏን ከፈተች። «አ…» አለች። እኔ በዐይኔ አይቻለሁ፣ ልትለው ነበር። ከዚያ አፏን ገጠመችው።

«አልችልም» አለች። «አብረን እየኖርን አይደለማ።»

ጥልፍ ከማዶ ተናገረች፤ ሳትጮህ። ስትጮህ ይሻላል።

«አንቺ'ኮ እውነት የምትናገሪው ሰው ላይ ሲወድቅ ነው። አንቺ ላይ ወድቆ ያውቃል? ግዴለም። ወደ ጓደኛዬ ደውዬ ‹እመጣለሁ› እላታለሁ። ያኔ ‹አይ›ሽ ልክ ይሆንልሻል።»

የአባባ ዱላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ማንም አላነሳላቸውም።

ሜትር የቁም ሳጥኑን በር ዘጋች። ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። ስትዞር ዐይኗ እኔ ላይ አረፈ።

«አንተ።»

«አቤት።»

«ውጣ ከዚያ። ይኼን ቁም ሳጥን አንሳልኝ።»

«አይነሳም» አልኳት። «እዚሁ ነው የገጣጠምኩት፣ በየትኛውም በር አይወጣም።»

«አፍርሰው።»

«ካፖርቶቹስ?»

«አባባ ላይ።»

ስልኩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሄሎ? ልዝጋው ወይስ…»

«እንዳትዘጋው» አለች ሜትር። «‹አዎ› የሚያስብል ነገር ስለሌለ እየሠራን ነው።»

«እሺ» አለ ልጁ። ምን ይበል?

በሕይወቴ ሥራዬ ጠንካራ በመሆኑ የተጸጸትኩት ያን ቀን ነው። ኮላውን አልቆጠብኩም ነበር። ምስማሩን አልቆጠብኩም ነበር። ለሁለት እህቶች ጠብ ነው ብዬ ለዘለዓለም የሚሆን አድርጌ ነው የሠራሁት። መንቀያውን አስገብቼ ስጫን እንጨቱ እንደ ሰው ይጮኻል። ሜትር ከጎኔ ሆና ሳንቃውን ትይዛለች፣ ትጎትታለች፤ ጥፍሯ ተሰብሮ ደም በደም ሆናለች፣ አላየችውም። አባባ በካፖርት ክምር ተቀብረው አፍንጫቸው ብቻ ይታያል።

«ምንድነው የምትሠሩት?» አለች ጥልፍ። «እናንተ! ግድግዳው እየተንቀጠቀጠ ነው!»

የቁም ሳጥኑ ጀርባ ሲወድቅ ያ በር ብቅ አለ። ወደ ሜትር በኩል ነው የሚከፈተው። ስትስበው ተንቋቋና ተከፈተ። ከኋላው የእኔ ኮምፔንሳቶ፤ የተመታው በጥልፍ በኩል ነው። በኮምፔንሳቶው ላይ ደግሞ ጥልፍ የክር መደርደሪያዋን አስደግፋለች፣ ከሥሩ ኮምፒውተሯ ነው። በእኛ በኩል ብንገፋው መደርደሪያው ከነክሩ ኮምፒውተሩ ላይ ነው የሚወርደው። መክፈት የምትችለው እሷ ብቻ ናት።

ያኔ ነው ጥሩምባው የተሰማው። የግቢው በር ላይ መኪና።

ሁላችን ተያየን። ካፖርቶቹ ተንቀሳቀሱ፤ አባባ ከውስጣቸው ወጡ። ዱላቸውን ከወለሉ አነሱ፣ ኮሌታቸውን አስተካከሉ። «እኔ አለሁ» አሉ። «ሰው ማስጠበቅ ሥራዬ ነበር።» እየቆረቆሩ ወጡ።

ሜትር ወደ ኮምፔንሳቶው ተጠጋች። «መደርደሪያሽን አንሺ።»

«አላነሳም።»

«ሰውዬው መጥቷል።»

«ይሂድ። ባደረግሽልኝ ቁጥር ስትቆጥሪልኝ ልኖር ነው? አልፈልግም ምጽዋትሽን።»

«እናቴ» አለ ስልኩ በትሕትና፣ «የምሳ ሰዓቴ ደርሷል።»

«እናትህ አይደለሁም፣ ታገሥ» አለችው። ግንባሯን ኮምፔንሳቶው ላይ አስደገፈች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ እኔ ግን መንቀያዬን ይዤ አጠገቧ ስለነበርኩ የት ልሂድ?

«ያ ቀሚስ» አለች።

የቱ ቀሚስ ብሎ የጠየቀ የለም።

«የጻፍሽው ቁጥር አጭር ነበር። ይኼ እውነት ነው።»

«አሁንም!»

«አልጨረስኩም። ልጅቷ በር ላይ ስትገባ አይቻት ነበር። ረጅም ናት። መቀሱን ሳነሳ ዐይኔ ‹ይኼ ያጥራታል› አለኝ። ዐይኔ ተሳስቶ አያውቅም፣ ታውቂዋለሽ። ቆረጥኩት።»



«ለምን?» አለች ጥልፍ።

«ሁልጊዜ ትሳሳቺ ነበር፣ ሁልጊዜ እኔ አቃናልሽ ነበር። አንድ ቀን ስህተትሽ ሳይቃና ሲወጣ እንድታዪው ፈለግኩ። ስትጮህብኝ… እናቲቱ ስትጮህ ግማሹን ነው የተናገርኩት። ሌላውን ግማሽ እኔ ጋ አስቀረሁት።»

እኔ ምስማር አየሁ። ሌላ የማይበት አልነበረኝም።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ይኼን ሁሉ ጊዜ? እኔ ሰው ፊት መለካት ፈርቼ፣ ሥራ ቀይሬ… አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«አንቺ እባብ!»

ከዚያ ክሮች ሲወድቁ ሰማን። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ እንደ ዝናብ። መደርደሪያው ወለሉን እየቧጨረ ተጎተተ። የጥልፍ ቡጢ ኮምፔንሳቶውን ደበደበው፤ የሜትር ግንባር ተነስቶ ዘለለ።

«አናጢው! ምን ቆመሃል? ንቀለው! ፊቷን ልየው!»

ነቀልኩት። ማስታረቅ መስሏችሁ እንዳይሆን፤ እኔ የነቀልኩት ለመደባደብ እንዲመቻቸው ነው።

ተከፈተ። ጥልፍ እዚያ ቆማለች፤ ፀጉሯ ላይ ቀይ ክር ተጠምጥሟል፣ ዐይኗ ከክሩ ይቀላል። እጇ ላይ የነበረውን የክር ጥቅል ወረወረችው። የሜትርን ግንባር አገኘው፤ ጧ አለ።

«ልክ ነሽ» አለች ሜትር። እጇን እንኳ ወደ ግንባሯ አላነሳችም።

ጥልፍ ሌላ አነሳች። ልትወረውር ነበር። ከውጭ የመኪናው ጥሩምባ እንደገና ጮኸ፤ ከጥሩምባው በላይ የአባባ ድምፅ፣ «እንግዲህ ሁለተኛው ባቡር ሲገባ መስመሩ ተይዞ…»

ጥልፍ ጥቅሏን ይዛ ቆመች። ከዚያ አንድ ቃል ወጣት። ከቀሚሱ ወዲህ ከአፏ ያልሰማነው ቃል።

«እትዬ» አለች። «ገና አልጨረስኩሽም። አሁን ግን ያቺን ቃል በዪ።»

ሜትር የበሩን ደፍ ተራምዳ ወደ እህቷ ክፍል ገባች። ክሮቹ መሃል ቆመች። የታጠበ ሳህን አየች፣ ያልተነጠፈ አልጋ አየች። ተመልሳ ስልኩን አነሳች።

«አንተ ልጅ፣ አለህ?»

«አለሁ» አለ። እያላመጠ ነው።

«ጠይቀኝ።»

ዋጠ። «አብራችሁ ነው የምትኖሩት?»

ሜትር ስልኩን በእጇ ሸፈነችው። «ማታ የት ነው የምትበዪው?»

«እዚሁ ነዋ። የት እሄዳለሁ?»

«ነገስ?»

«ነገም። ስድቤን ሳልጨርስ ወዴት እሄዳለሁ? ለዓመት የሚሆን አለኝ።»

ሜትር እጇን ከስልኩ አነሳች። «አዎ» አለች። «አብረን ነው የምንኖረው።»

ልጁ የሆነ ነገር ተጫነ። ጥልፍ ወንበሯ ላይ ወደቀች። የይለፍ ቃሏን ጻፈች፤ ተሳሳተ አላት። እንደገና። ተሳሳተ አላት። ሜትር ከኋላዋ ሆና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ የሰው የይለፍ ቃል አይታይም፣ ውሉ ላይ አለ። በሦስተኛው ገባ። ወፏ ክንፏን አንቀሳቀሰች።

ጥልፍ ወፏን ቀይራ ፍላሽ ላይ ጭና ስትሮጥ ተከተልኳት። ሰውዬው የመኪናው በር ላይ ተደግፎ፣ ሩቅ መንገድ የሄደ ሰው መስሎ ቆሟል። አባባ ክንዱን ይዘውታል። ላፕቶፑን ከፍቶ ወፏን አየ፤ አጎልቶ አያት፣ አሳንሶ አያት። «ደርሳለች» አለ። ከዚያ ወደ አባባ እያየ፣ «ልሂድ?» አለ፤ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው።

«መስመሩ ክፍት ነው» አሉት አባባ።

ሄደ። ጥልፍ እዚያው የግቢው በር ላይ፣ መሬት ቁጭ አለች። ከዚያ ተነስታ ገብታ ስድቧን ቀጠለች።

ይኸው እስካሁን እየቀጠለች ነው። በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ፣ በአንድ ጠረጴዛ ይጣላሉ። በሩን ሜትር ከነማጠፊያው አስነቅላኛለች። «ለምን?» ብላት፣ «ጥያቄው በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔም ‹አዎ› ማለት አለብኝ» አለችኝ። ጥልፍ እንደገና ደንበኛ መለካት ጀምራለች፤ ሜትር ቁጥሩን ወስዳ ዝም ብላ አትቆርጥም፣ መጀመሪያ በዐይኗ አይታ «እንደገና ለኪያት» ትላለች። ጥልፍ ትሳደባለች፣ ትለካለች። የአባባ ባቡሮችም ጨርቅ ላይ ሊወርዱ ነው እየተባለ ይወራል፤ እስካሁን አልተነሱም።

የእኔ ሒሳብ አለች። ቁም ሳጥን ማፍረስ፣ ኮምፔንሳቶ መንቀል፣ በር ማንሳት፣ ጉበን መጠገን። ይዤላቸው ሄድኩ።

«የቤቱ ሥራ ነው» አለች ሜትር፣ ወረቀቱን እስከ ታች አንብባ። «ግማሹን ከጥልፍ ተቀበል።»

«የቤቱ ኃላፊ ተብላ የተጻፈችው ማን ናት?» አለች ጥልፍ። «ከእሷ ተቀበል።»

ወደ አባባ ዞርኩ። መስሚያቸውን ከጆሯቸው አውጥተው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«ቢያንስ ለማን ብዬ ልጻፈው?» አልኩ።

«ለአንድ ቤት» አሉኝ ሁለቱም፣ በአንድ አፍ።

ጻፍኩት። የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ሜትር ጨርቅ ቆርጣ ስትጨርስ ወረቀቱ እንዳይበርባት መቀሷን ታስቀምጥበታለች።